ለእናቶቹ ጭብጨባ፣ ለጠመንጃው ወንበር!

በአፍሪካ ምድር የሚኒስትርነት ወንበር በአቋራጭ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ዲግሪ አያስፈልገውም። መቶ ሁለት መቶ ልጆች ከየመንደሩ ይልቀም፣ ለየልጁ ክላሽ ያስይዝ፣ አንድ ሁለት መንደር በእሳት ያጋይ። የቀረውን አስታራቂዎቹ ይጨርሱለታል። አይሮፕላን ይላክለታል፤ ሆቴል ይያዝለታል፤ አበል ይቆረጥለታል፤ በመጨረሻም "ክቡርነትዎ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ የትኛውን ይፈልጋሉ?" ተብሎ በትሕትና ይጠየቃል። ቤታቸው የነደደባቸው እናት ግን በዚያ ሆቴል በር ብቅ ቢሉ ዘበኛው "እማማ፣ ወዲያ በሉ!" ይላቸዋል።

ይህን የምለው ለነገር ማጣፈጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጋና፣ አክራ ላይ በላይቤሪያ ሰላም ስም የተደረገው ይኸው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጦርነቱ እንዲቆም ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀባቸው ሴቶች ጭብጨባና ሽልማት አገኙ። ጦርነቱን ያካሄዱት ሰዎች ደግሞ ወንበር አገኙ። ከዚያ ወዲህ የሴቶቹ ታሪክ በየአዳራሹ ሲተረክ፣ የወንበሩ ታሪክ ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። የዛሬ ሙግቴ ከዚህ ሽፋን ጋር ነው።

በቁራጭ ጽሑፍ የምተዳደር ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ከማልጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ የሆቴል ዐውደ ጥናት ነው፤ ወሬም ሻይም ይገኝበታል። በአንደኛው ላይ ስለ "ሴቶችና ሰላም" ጥናት ያቀረቡ ሰው ነጭ የለበሱ የላይቤሪያ ሴቶችን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አበሩና "በጸሎትና በእንባ ሰላም አመጡ" አሉን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጄን አውጥቼ "ገዳዮቹስ የት ደረሱ?" ብዬ ጠየቅሁ። "እሱ ሌላ ርዕስ ነው" ተባልኩና ወደ ሻይ ዕረፍት ወጣን።

ሌላ ርዕስ! ሩብ ሚሊዮን ሰው እንዳለቀበት የሚገመት ጦርነት ተወርቶ፣ "ማን ገደለ?" የሚለው ሌላ ርዕስ! እንግዲያው ያንን "ሌላ ርዕስ" እኔ ላንሳው።

ነገሩ ከሥር መሠረቱ

ላይቤሪያ ከአሜሪካ በተመለሱ ጥቁሮች መሪነት በ1847 ሪፐብሊክነቷን ያወጀች አገር ናት። ከዚያ በኋላ የተመላሾቹ ወገን ከነባሩ ሕዝብ አናት ላይ ተቀምጦ 133 ዓመት ገዛ። በኤፕሪል 1980 ማስተር ሳርጀንት ሳሙኤል ዶ ቤተ መንግሥት ገብቶ ፕሬዚዳንት ቶልበርት ተገደሉና ሥልጣኑ በወታደር እጅ ወደቀ። ዶ በተራው የራሱን የክራንን ጎሣ አቅፎ የጊዮና የማኖ ተወላጆችን አስፈጀ። ቂሙ ሲብላላ ቆይቶ ዲሴምበር 24 ቀን 1989 ቻርልስ ቴይለር ከአይቮሪ ኮስት ድንበር ተሻግሮ ኒምባ አውራጃ ገባ። ጦርነት ተጀመረ።

በሴፕቴምበር 1990 ዶ በሌላው የጦር አበጋዝ በፕሪንስ ጆንሰን እጅ ወደቀ። ጆንሰን ቢራውን እየተጎነጨ የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ሲያሰቃይ በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም አየው። ይህን የጆንሰንን ስም ያዙልኝ፤ ይመጣል።

በ1997 ምርጫ ተደረገና ቴይለር 75 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሕዝቡ ወዶት ነው? ብዙው መራጭ "ካልመረጥነው ጫካ ይመለስብናል" ብሎ ነው። ፍርሃት የሰጠው ድምፅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ውጤቱን አሳየ። በ1999 ሉርድ የተባለው አማጺ ቡድን ከሰሜን ተነሣ፤ በ2003 ሞዴል የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ ተከተለ። ሦስቱም ጎራዎች ሕፃናትን አስታጠቁ፤ የደረሱበትን ዘረፉ፤ ሴት ደፈሩ። ስማቸው ቢለያይም በገበሬው ጎጆ ላይ ያደረሱት አንድ ነው።

የዓሣ ተራዎቹ ሴቶች

ወይዘሮ ሌይማ ግቦዊ ጦርነቱ ሲገባ የ17 ዓመት ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸው ተቋረጠ፣ ስደት ቀመሱ፣ በችግር መካከል ልጆች ወለዱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞንሮቪያ በሚገኘው በቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በጦርነት የተጎዳ ሰው በሚረዳበት ፕሮግራም ሥራ ጀመሩ። ከሚረዷቸው መካከል ትናንት ለቴይለር የተዋጉ ሕፃናት ነበሩ። አስቡት፤ የገደለውንም ያስገደለውንም በየቀኑ እያዩ መሥራት ማለት ነው።

ግቢው ራሱ ምስክር ነው። ጁላይ 29 ቀን 1990 የዶ ወታደሮች በሌሊት ገብተው፣ ቤተ ክርስቲያን ያስጥለናል ብለው የተጠጉ 600 ያህል ሰዎችን የፈጁት እዚያው ነው። ወደዚህ ግቢም በኋላ እንመለሳለን።

በ2001 ዊፕኔት የተባለ በሰላም ግንባታ ላይ የሚሠራ የምዕራብ አፍሪካ ሴቶች መረብ ተቋቋመና ወይዘሮ ግቦዊ የላይቤሪያውን ክፍል መምራት ጀመሩ። የክርስቲያን ሴቶች ስብሰባ በነበረው መድረክ ላይ አሳቱ ባህ ኬኔት የተባሉ ሙስሊም የፖሊስ መኮንን ተነሥተው "እኛም አለንበት" አሉና የሙስሊም ሴቶችን አደራጁ። "ከሌላ ሃይማኖት ጋር እንዴት?" ያሉ ነበሩ። ጥይቱ መስቀልና መስጊድ ለይቶ እንደማይመታ ሴቶቹ ያውቁት ስለነበር ክርክሩ ብዙ አልቆየም።

በኤፕሪል 2003 ነጭ ካናቴራ ለብሰው፣ ነጭ ሻሽ አስረው፣ ጌጣቸውን አውልቀው ሞንሮቪያ ውስጥ በተብማን ጎዳና፣ ዓሣ ተራ አጠገብ ካለው ሜዳ ወጡ። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ እንዳይመስላችሁ። የቴይለር መኪና በአጀብ ሲመላለስ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ተፈናቃይዋ፣ የቢሮ ሠራተኛዋ አንድ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣ፣ ተቀመጡ። ዝናብ ጣለ፣ ተቀመጡ። የሞንሮቪያን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምቷ ምሕረት የላትም። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ሁለቱም ወገን ተኩስ ያቁም፣ ይነጋገር፣ የውጭ ሰላም አስከባሪ ይግባ።

ይኼ እንግዲህ "በጸሎትና በእንባ" የሚባለው ነው። ጸልየዋል፤ አልቅሰዋልም። ነገር ግን ቦታ የመረጠ፣ ልብስ የወሰነ፣ መሪና ተራ የመደበ፣ ጥያቄውን በሦስት ቃል ያሳጠረ ሥራ ድርጅት ይባላል። ወንድ ቢሠራው "ስትራቴጂ" እንለው የለም? ሴት ስትሠራው "እንባ" የምንለው ለምንድን ነው?

እኛ ጋዜጠኞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሴቶቹ ከባሎቻቸው ጋር ላለመተኛት አድማ መትተው ነበርና የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ያቺን ወሬ ይዞ ሮጠ። ወይዘሮ ግቦዊ ራሳቸው በኋላ እንደገለጹት የዚያ አድማ ተግባራዊ ውጤት ይህን ያህል አልነበረም፤ ትልቁ ጥቅሙ የጋዜጠኛን ዓይን መሳቡ ነው። ማጥመጃው ሠራ፣ እኛም ተያዝን። አድማው እስከ ዛሬ ይጻፋል፤ የሜዳው ሥራ ግን በሁለት መስመር ያልፋል።

ኤፕሪል 23 ቀን 2003 ቴይለር ሴቶቹን ለማነጋገር ተገደደ። ወይዘሮ ግቦዊ ፊት ለፊቱ ቆመው የሴቶቹን ቃል አነበቡ። ያ ሰው ማን እንደነበረ አትርሱ። የራሱን ዜጋ በልጆች ጠመንጃ ያስፈጀ፣ ጋዜጠኛ የሚያስር ሰው ነበር። በ2002 ሐሰን ቢሊቲ የተባሉትን የግል ጋዜጣ አዘጋጅ ወራት አስሮ አሰቃይቷቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ፊት ቆሞ "በቃን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሌሎቹ ሴቶች ደግሞ ወደ ፍሪታውን ተሻግረው የሉርድን መሪዎች ወተወቱ። ሁለቱም ወገን "እሺ፣ እንነጋገራለን" አለ።

አክራ፦ 76 ቀን ሆቴል

ድርድሩ ጁን 4 ቀን 2003 ጋና ውስጥ ተከፈተ። በዚያው ዕለት የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት ቴይለርን በጦር ወንጀል መክሰሱ ይፋ ሆነና ሰውየው ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወደ ሞንሮቪያ በረረ። ተደራዳሪዎቹ ግን ቀሩ። ስምምነቱ የተፈረመው ኦገስት 18 ነው። ቁጠሩት፤ 76 ቀን ነው።

በእነዚያ ቀናት ሞንሮቪያ ምን ነበረች? ሉርድ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ከተማዋን አጠቃ። ነዋሪው ጥቃቶቹን "አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው" ብሎ ሰየማቸው። በጁላይ መድፍ በተፈናቃይ ላይ ሲወርድ ሕዝቡ ሬሳ ተሸክሞ አሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ ደረደረ። ሞንሮቪያ ሬሳ ስትቆጥር፣ አክራ ላይ የጦር አበጋዞቹ ሥልጣን ይቆጥሩ ነበር። የትኛው ሚኒስቴር ለማን፣ የትኛው ድርጅት ለማን!

ወይዘሮ ግቦዊና ጓደኞቻቸው ከቡዱቡራም የስደተኞች ካምፕ የመጡትን ላይቤሪያውያን ሴቶች ጨምረው እዚያው አክራ ነበሩ። በጁላይ ትዕግሥታቸው አለቀ። ወደ ድርድሩ አዳራሽ ሄደው በሩ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተቀመጡ፤ ቁም ነገር ሳትነጋገሩ የሚወጣ የለም አሉ። ጥበቃዎች ሊያስሯቸው ሲመጡ ወይዘሮ ግቦዊ ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። በምዕራብ አፍሪካ የወለደች እናት በቁጣ ራቁቷን መቆሟ ለሚያያት ወንድ ከባድ እርግማን ነው። እኛ አገር እናት "ያጠባሁህ ጡት ይፍረድብህ" ስትል የሚያርፈው ዓይነት እርግማን ማለት ነው። ጥበቃው ደነገጠ። አንዱ ተደራዳሪ ሴቶቹን እየረገጠ ሊወጣ ሲሞክር አደራዳሪው ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡበከር፣ የቀድሞው የናይጄሪያ መሪ፣ ገሥጸው መለሱት። ከዚያ በኋላ የድርድሩ መንፈስ ተለወጠ።

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ተረት እስከ ዛሬ የሚያሟሙቁ ወንድሞቼ አሉ። እስቲ ከአክራ አዳራሽ ጋር ያስተያዩት። በወንድ ቢያልቅ ኖሮ መቼ ያልቅ ነበር?

ሰላሙን ሴቶቹ ብቻቸውን አመጡት እያልኩ አይደለም። የሉርድ ጦር ዋና ከተማዋን አንቆ መያዙ፣ የአሜሪካ መርከቦች ባሕሩ ላይ መታየታቸው፣ ናይጄሪያ ለቴይለር መጠጊያ መስጠቷ፣ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ቴይለር ኦገስት 11 ሥልጣን ለቆ ናይጄሪያ ገባ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ምንም ነገር ለራሱ ሳይጠይቅ የገፋው ወገን ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የነጭ ለባሾቹ ነው።

ገበታው ሲቀርብ

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። የአክራው ስምምነት ለሽግግሩ መንግሥት 21 ሚኒስቴሮች አከፋፈለ። ለቴይለር መንግሥት 5፣ ለሉርድ 5፣ ለሞዴል 5። ለፖለቲካ ፓርቲዎችና ለሲቪል ማኅበረሰቡ በጠቅላላ 6። አሥራ አምስቱ በጠመንጃ፣ ስድስቱ ለቀረው አገር! በ76 መቀመጫው የሽግግር ምክር ቤትም ሦስቱ ታጣቂ ወገኖች እያንዳንዳቸው 12 ወሰዱ፤ ለሲቪል ማኅበረሰቡና ለልዩ ልዩ ክፍሎች የተረፈው 7 ነው።

የመሥሪያ ቤቶቹን ዓይነት ደግሞ ተመልከቱ። የመከላከያና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሮች የተሰጡት ለቴይለር ወገን ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ለሉርድ። የፍትሕ ሚኒስቴርስ? እሱም ለሉርድ! ከተማ በመድፍ ለደበደበ ቡድን የፍትሕ ሚኒስቴር! ጅብን ለበግ ጠባቂነት መቅጠር ቀልድ ይመስለን ነበር፤ አክራ ላይ ተፈርሞ በአባሪ ተያይዟል።

ሴቶቹ ይህን አይተው ዝም አላሉም። አክራ በሚገኘው ጎልደን ቱሊፕ ሆቴል ተሰብስበው ሴቶች በሽግግሩ መዋቅር ሁሉ እንዲካተቱ የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ። መልሱ ከላይ ያለው ቁጥር ነው።

ስለ ፍትሕ ምን ተባለ? ስምምነቱ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን እንዲቋቋም አዘዘ፤ አለፍ ብሎ ደግሞ የሽግግሩ መንግሥት ለተዋጊዎች አጠቃላይ ምሕረት ማድረግን እንዲያስብበት ጻፈ። የምሕረቱን ሐሳብ እንዲያጤኑ የተሾሙት ደግሞ ምሕረቱ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው።

ዲሴምበር 7 ቀን 2003 የተባበሩት መንግሥታት ትጥቅ ማስፈታት ጀመረ። ሴቶቹ ልጆቹን እናውቃቸዋለን፣ እናግዛችሁ ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ካምፑ ከታሰበው በላይ በታጣቂ ተጥለቀለቀ፣ ብጥብጥ ሆነ፣ ሰው ሞተ፣ ሥራው ተቋረጠ። ያኔ ሴቶቹ ተፈለጉ፤ በየመንደሩ ዞረው ታጣቂውን አረጋግተው፣ በኤፕሪል 2004 እንደገና ሲጀመር ረዱ። በመጨረሻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው "ተዋጊ ነበርኩ" ብሎ ተመዘገበ። ለየተዋጊው 300 ዶላር በሁለት ጊዜ ተሰጠው።

ጠመንጃ ላስረከበው ሦስት መቶ ዶላር። ልጇን ላስረከበችውስ እናት?

ተዋጊው መቋቋሚያ አይሰጠው አልልም። ባዶ እጁን የተሰደደ ታጣቂ ነገ ሽፍታ ነው፤ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ለገዳዩ በጀት ሲገኝ ለተበዳይዋ የሚሰጣት ምክር ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም "ይቅር በይ" የሚል ምክር!

"የቆየ ቁስል አትነካኩ"

የዚህ ምክር አባቶች ሁልጊዜ አንድ መከራከሪያ አላቸው። "ፍርድ ቤት ብታነሱ ጠመንጃ ያለው ሰው አይፈርምም፤ ሰላሙ ይፈርሳል" ይላሉ። ከባድ ክርክር ነው፤ ቀልዶ የሚታለፍ አይደለም። በጁን 4ቱ ክስ ቀን አክራ የነበሩት ሴቶች ራሳቸው ሞንሮቪያ ላሉት ቤተሰቦቻቸው ፈርተዋል።

ሆኖስ ምን ሆነ? ክሱ ይፋ ከሆነ በኋላ ድርድሩ ፈረሰ? አልፈረሰም። ቴይለር ከሥልጣን ላይ ሙጥኝ አለ? አላለም፤ በሁለት ወር ከሳምንት ውስጥ ሄደ። ተከሳሽ የሆነ ፕሬዚዳንት የሚያስጠጋው ጎረቤት ይቀንሳል። በ2006 ተይዞ ተላልፎ ተሰጠ፤ በ2012 ጥፋተኛ ተብሎ 50 ዓመት ተፈረደበት። ሰማይ አልተደፋም፤ ላይቤሪያም ወደ ጦርነት አልተመለሰችም።

ግን ልብ በሉ። ሃምሳ ዓመቱ የተፈረደበት በሴራሊዮን ለተፈጸመው ወንጀል ነው። በገዛ አገሩ በላይቤሪያ ላደረሰው አንዲት ቀን አልተፈረደበትም።

የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርቱን በ2009 አወጣ። ልዩ ወንጀል ችሎት ይቋቋም፣ ተበዳዮች ይካሱ፣ ጦርነቱን የደገፉ ሰዎች ለ30 ዓመት ከመንግሥት ሥልጣን ይታገዱ አለ። ከሚታገዱት ስም ዝርዝር ውስጥ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ይገኙበት ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ቴይለርን ደግፈው እንደነበር አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። በጃንዋሪ 2011 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእገዳውን ክፍል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። የቀረው ሪፖርት መሳቢያ ገባ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ፕሪንስ ጆንሰንስ? በ2005 ምርጫ የኒምባ ሴናተር ሆነ። በ2011 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ፤ ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልግ ሁሉ የኒምባን ድምፅ ፍለጋ ደጁን ጠና። በኖቬምበር 2024 ሲሞት ሴናተር ነበር። ያ ሁሉ ዓለም ያየው ቪዲዮ አንድ ቀን ችሎት ፊት ሳያቆመው ተቀበረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እዚህ ግን የወጋው መርሳት ብቻ ሳይሆን ሕግ አውጪ ሆነ። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ምን ይማራል? ዓሣ ተራ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ሴት ካናቴራ ታገኛለች፤ ጫካ የገባ ወንድ ሴናተር ይሆናል። ቀጣዩን ጦርነት የሚያስነሣው ይኼ ትምህርት ነው።

ሽልማቱና የሽልማቱ ማግሥት

ነጭ ለባሾቹ ከ2003 በኋላ ቤታቸው አልገቡም። ለ2005 ምርጫ ሴቶችን በየገበያው እየዞሩ አስመዘገቡ። በዚያው ዓመት በሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግፊት የአስገድዶ መድፈር ሕጉ ጠበቀ። ወይዘሮ ሰርሊፍ በጃንዋሪ 2006 በአፍሪካ የመጀመሪያዋ በምርጫ ሥልጣን የያዙ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በኦክቶበር 2011 ወይዘሮ ሰርሊፍ፣ ወይዘሮ ግቦዊና የየመኗ ተወከል ከርማን የኖቤል የሰላም ሽልማትን ለሦስት ተካፈሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየአዳራሹ አይነግሯችሁም። ወይዘሮ ግቦዊ የብሔራዊ ዕርቅ ሥራውን እንዲመሩ በፕሬዚዳንቷ ተሾሙ። በኦክቶበር 2012 ለቀቁ። በአደባባይም ተናገሩ፤ ሙስና አለ፣ ሦስት የፕሬዚዳንቷ ልጆች ከፍተኛ ሹመት ይዘዋል፣ በሀብታምና በደሃ መካከል ያለው ገደል አልጠበበም አሉ። አንደኛው ልጅ የመንግሥቱን የነዳጅ ኩባንያ ቦርድ ይመራ ነበር፤ ሌላው የደኅንነት መሥሪያ ቤቱን፤ ሦስተኛው የማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዥ ነበር።

አንዳንዶች "ሴት በሴት ላይ!" ብለው ወቀሷቸው። ኧረ ተዉ! በአንድ ቀን የተሸለሙ ሁለት ሴቶች አንዷ ሌላዋን በዝምታ የመሸፈን ዕዳ የለባቸውም። ወይዘሮ ግቦዊ ቴይለርን "በቃን" ሲሉ ያጨበጨበላቸው ሰው፣ ለወዳጃቸው ሲናገሩ ፊቱን ካጠቆረ፣ ድሮም ያጨበጨበው ለፎቶግራፉ ነበር። የሰብአዊ መብት ሰው የሚለካው በጠላቱ ላይ በተናገረው ብቻ አይደለም፤ በሚያበላው ወዳጁ ላይ በሚናገረውም ነው።

አህያውን ትቶ ዳውላውን

ወደ ሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንመለስ። ለዚያ እልቂት በላይቤሪያ ችሎት የቆመ ሰው አልነበረም። አራት የተረፉ ሰዎች አሜሪካ ድረስ ሄደው በአንድ የቀድሞ የዶ ጦር አዛዥ ላይ የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ፤ በ2021 ኃላፊነት እንዳለበት ተፈረደ፤ በ2022 ደግሞ 84 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። ወንጀሉ ከተፈጸመ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በባዕድ አገር!

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የቴይለር ልጅ ቸኪ በአሜሪካ በማሰቃየት ወንጀል በ2009 ዘጠና ሰባት ዓመት ተፈረደበት። "ጃንግል ጃባ" በሚል ስም የሚታወቀው አዛዥ በ2017 ፊላዴልፊያ ላይ ጥፋተኛ ሲባል ክሱ ለስደተኛ ወረቀት ዋሽቷል የሚል ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! አሊዩ ኮሲያህ በ2021 ስዊዘርላንድ ላይ በጦር ወንጀል 20 ዓመት ተፈረደበት። ለዚህ ክስ ማስረጃ በመልቀም ከደከሙት አንዱ ማን መሰላችሁ? እነዚያው ቴይለር ያሰራቸው ጋዜጠኛ፣ ሐሰን ቢሊቲ ናቸው።

የኳስ ኮከቡ ጆርጅ ዊሃ ከ2018 እስከ 2024 ስድስት ዓመት ሲገዙ ችሎቱን አላቋቋሙም። ተተኪያቸው ጆሴፍ ቦአካይ በሜይ 2024 የጦርና የኢኮኖሚ ወንጀል ፍርድ ቤትን የሚያዘጋጅ ጽሕፈት ቤት በትዕዛዝ አቋቋሙ፤ በ2025 ትዕዛዙን አደሱት፤ በዚያው ዓመት በጁላይ በመንግሥት ስም ተበዳዮችን ይቅርታ ጠየቁ። ጥሩ ነው፤ አላጣጥለውም። ጽሕፈት ቤት ግን ችሎት አይደለም፤ ይቅርታም ካሣ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ምስክር እየሞተ ነው፤ ተከሳሽም እየሞተ ነው።

ለኛ ምናችን ነው?

"ላይቤሪያ ሩቅ ናት" የሚለኝ አይጠፋም። ሩቅስ አይደለችም። ከ2003 በኋላ ሰላም ለማስከበር ላይቤሪያ ከዘመቱት ወታደሮች መካከል የእኛ አገር ልጆች ይገኙበታል። ከዚያም በፊት፣ በ1960፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አንድ ላይ ሆነው ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ሕዝብ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰዋል። ላይቤሪያ ለሌላ ሕዝብ በደል ዘ ሄግ ድረስ ሄዳ "ዳኛ ይየው!" ያለች አገር ናት። የናሚቢያን ሕዝብ በደል ለዳኛ ያቀረበች አገር የራሷን እናቶች በደል ለኮሚቴና ለሻይ ዕረፍት ስትተወው ማየት ያንገበግባል።

እንግዲህ ለአስታራቂዎች፣ ለዐውደ ጥናት አዘጋጆች፣ ለሽልማት ሰጪዎች፣ የትም አገር ብትሆኑ፣ የምለው ይህ ነው። እናቶችን "የሰላም እናት" ብላችሁ ከማወደሳችሁ በፊት ወንበሩን ስታከፋፍሉ ጥሩዋቸው። "ይቅር በሉ" ከማለታችሁ በፊት በዳዩ በዳኛ ፊት "አጥፍቻለሁ" ይበል። ይቅርታ የተበዳዩ ገንዘብ ነው፤ ሌላ ሰው ሆቴል ተቀምጦ በስሙ አይፈርምበትም። ለታጣቂው መቋቋሚያ በጀት ስትይዙም በዚያው መዝገብ ላይ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ለመበለቲቱ ስንት?

የዓሣ ተራዎቹ ሴቶች ዝናብ የመታቸው ለጭብጨባ አልነበረም። ያጨበጨባችሁ ሁሉ ዕዳ አለባችሁ፤ ክፈሉ!